ስለ ትከሻ ሊቃውንትና ስለ ሚዛናቸው

አንድ ሊቅ ዕድሜውን ሁሉ ስለ አንዲት የሰውነት ክፍል ሲመረምር ኖሮ፣ ጽፎና አስተምሮ፣ ደቀ መዛሙርትም አፍርቶ በመጨረሻ ከወንበሩ ሲነሣ፣ የድካሙን ፍሬ የሚመዝንለት ማን ነው? ሚዛኑስ ምን ዓይነት ሊሆን ይገባዋል? ጥያቄው ለማንኛውም ዕውቀት የሚቀርብ ቢሆንም፣ ትከሻን በቀዶ ጥገና ስለሚያክሙና ስለ እርሱም ስለሚጽፉ ሊቃውንት ሲነሣ የተለየ ክብደት ያገኛል፤ የእነርሱ ጽሑፍ እውነት ሆኖ ከተገኘ አንድ ገበሬ ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ክንዱ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ይቀራልና።

የዘመናችን ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ሊቁ ያሳተማቸው ጽሑፎች ይቈጠራሉ፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሱዋቸውም ይቈጠራል፤ ከሁለቱ ቍጥሮች ደግሞ ሦስተኛ ይወለዳል። ይህን ሦስተኛ ቍጥር እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቀው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ሥርዐቱም አንድ ሰው ከጻፋቸው ጽሑፎች መካከል 40ዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ ከተጠቀሱ ማዕርጉ 40 ነው እንደ ማለት ነው። ከዚህ በፊትም ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ካቀረበው አሳብ ተነሥቶ፣ መጽሔቶች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚለካበትን ስሌት አውጥቶ ነበር፤ ያ ስሌት ግን መጽሔትን ከመጽሔት ለማበላለጥ የታሰበ ስለ ነበረ፣ አንድን ሰው ለመሾምና ለመሻር እንዳይውል ብዙ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተሰብስበው የተቃውሞ ቃል አዘጋጅተዋል። ቃሉ ተሰማ፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም።

በአገራችን የነበረው ሚዛን ከዚህ የተለየ ነበር። የዋሸራ፣ የጎንጅ ወይም የዋድላ የቅኔ መምህር ስንት ቅኔ እንደ ተቀኘ የቈጠረለት ሰው የለም፤ ማዕርጉ የሚታወቀው ከጉባኤው በወጡት ተማሪዎች፣ እነርሱም በየደብሩ በተከሉት ወንበር ነው። አንድ ተማሪ «ከማን ዘንድ ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመምህሩን ስም በጠራ ጊዜ፣ ያ ስም ከማናቸውም የምስክር ወረቀት ይልቅ ይመሰክርለት ነበር። ይህን ሚዛን አከብረዋለሁ። ነገር ግን ጉድለቱንም መናገር ይገባል፤ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ያልተላለፈው ሁሉ ከመምህሩ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳልና። እንግዲህ ቍጥሩም ወንበሩም ብቻቸውን ካልበቁ፣ ለትከሻ ሊቅ የሚስማማውን ሦስተኛ ሚዛን ራሱን ትከሻን ጠይቀን ልንረዳው እንችል ይሆናል።

ትከሻ ከሰው መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ነጻነት የተሰጠው ነው። የክንድ አጥንት ራስ ክብና ትልቅ ሲሆን፣ የሚያርፍበት ጐድጓዳ ስፍራ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ስለዚህ አጥንቱን በቦታው አጽንተው የሚይዙት በዙሪያው ያሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። ክንድ ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ ወደ ላይም ወደ ጎንም እንዲዞር የሚያስችለው ይህ አሠራር፣ ትከሻን ከታላላቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ለውልቃት የተጋለጠ አድርጎታል። ፈጣሪ ነጻነትን ከሥጋት ለይቶ አልሰጠንም፤ በዚህች መገጣጠሚያ ላይ ይህ በዐይን ይታያል። ከጎንደርና ከወሎ እስከ ሸዋ በእስክስታ የሚንቀጠቀጠው ትከሻ፣ ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት በመቋሚያ ላይ የሚያርፈው የደብተራው ትከሻ፣ በመርካቶ ጆንያ የሚያሳልፈው የተሸካሚው ትከሻ ሁሉም የዚያ ጠባብ ጐድጓዳ አጥንትና የጥቂት ጅማቶች ባለዕዳዎች ናቸው። በኦሪት ዘጸአት የተጻፈውን ሥርዐተ ክህነት ያነበበ ሰው፣ የእስራኤል ነገዶች ስም የተቀረጸባቸው ሁለቱ የከበሩ ድንጋዮች በሊቀ ካህናቱ በሁለት ትከሻዎች ላይ እንዲቀመጡ መታዘዙን ያስታውሳል፤ ሕዝብ የሚታሰበው ሸክም በሚያርፍበት ስፍራ ነው።

ውልቃትን ወደ ስፍራው የመመለስ ጥበብ እጅግ ጥንታዊ ነው። በግብፅ አገር በዴር ኤል መዲና፣ ኢፑይ በተባለው ሰው መቃብር ግድግዳ ላይ አንድ ሰው የሌላውን ትከሻ ሲመልስ የሚመስል ሥዕል ይገኛል፤ ዕድሜውም ከ3,000 ዓመት ይበልጣል። አቡቅራጥስም ሐኪሙ ተረከዙን በሕመምተኛው ብብት አስገብቶ ክንዱን እንዲስብ ጽፏል። ይህን ያህል ጠቅሼ አልፋለሁ፤ ልናገርለት የምሻው ሰው ሌላ ነውና።

ኤርነስት አሞሪ ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1869 በቦስተን ተወለደ፤ በሃርቫርድ ሕክምና ተማረ፤ ማሳቹሴትስ ጄኔራል በሚባለው ታላቅ ሆስፒታልም ቀዶ ጥገና ያደርግ ጀመር። የትከሻ ጅማት ሲበጠስ ክንድን ማንሣት እንደሚያቅት ተረድቶ፣ ያን ጅማት በመስፋት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ይህ ብቻ ስሙን ለማስጠራት ይበቃው ነበር። እርሱን ግን ሌላ ነገር እንቅልፍ ይነሣው ነበር፤ ሆስፒታሉ በሽተኛውን እንደ ፈወሰው ወይም እንዳልፈወሰው የሚያውቀው በምንድር ነው? ሰውየው ገባ፣ ታከመ፣ ወጣ ተብሎ ይጻፋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ክንዱን ሊያነሣ መቻሉን ግን ማንም አይጠይቅም። ኮድማን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንዲት ትንሽ ካርድ አዘጋጅቶ፣ ከሕክምናው በፊት ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተደረገለት፣ ከዓመት በኋላም ምን ሆኖ እንደ ተገኘ፣ መልካም ካልሆነም ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ይጽፍባት ጀመር።

ይህ ቀላል ነገር ባልንጀሮቹን አስቈጣ። ሹመት በዕድሜ ሳይሆን በውጤት ይሁን ብሎ ስለ ተከራከረ ከሆስፒታሉ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ግን አስቀድሞ የራሱን አነስተኛ ሆስፒታል ከፍቶ ነበርና በዚያ ሥራውን ቀጠለ። ከ1911 እስከ 1916 ከዚያ ሆስፒታል የወጡት ሕሙማን 337 ሲሆኑ፣ ኮድማን በእነዚህ ላይ 123 ስሕተት መፈጸሙን አንድ በአንድ ለይቶ፣ የዕውቀት ጉድለት ነው፣ የፍርድ ጉድለት ነው፣ የመሣሪያ ጉድለት ነው እያለ መድቦ አሳተመ፤ ለሌሎች ሆስፒታሎችም ላከላቸው። በ1915 የከተማይቱ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ፣ ሐኪሞች የሕክምናቸውን ውጤት ለማወቅ እንደማይሹ የሚወቅስ ሥዕል ገልጦ ባሳየ ጊዜ ከጉባኤው ሊቀ መንበርነት እንዲለቅ ተጠየቀ፤ በሃርቫርድ የነበረውንም የመምህርነት ስፍራ አጣ። ሆስፒታሉም ቈይቶ ተዘጋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1934፣ በእንግሊዝኛ «ትከሻ» የሚል ስም የሰጠውን መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። መጽሐፉ ስለ ትከሻ በቂ ትምህርት ከመስጠቱም በላይ በመቅድሙ የጸሐፊውን የሕይወት ታሪክ ይዟል፤ ይህ ለሕክምና መጽሐፍ ያልተለመደ ነው፣ ለእኔ ግን ትክክለኛ ስፍራው ይመስለኛል፤ ስለ ትከሻ ያወቀውን ለማወቅ የከፈለውን ሳንሰማ ዕውቀቱን ብቻ ልንቀበል አይገባንም ነበርና። ኮድማን በ1940 ሲሞት በመቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልተተከለም፤ የሙያ ወንድሞቹ ድንጋዩን ያቆሙለት በ2014 ነው።

የዚህን ሰው ተጽዕኖ በመጠቀስ ብዛት ሊቈጥር የሚሻ ሰው ይቍጠር። እኔ ግን የማየው ሌላውን ነው። ዛሬ በየአገሩ በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ውስጥ፣ ትከሻው የደረቀበት ወይም የተሰበረበት ሰው በወገቡ ጐንበስ ብሎ፣ ክንዱን ወደ ታች ለቅቆ፣ እንደ ሰዓት መወዛወዣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲያወዛውዝ ይታዘዛል። ይህን እንቅስቃሴ ያስተማረ ኮድማን ነው። መድኃኒት አያሻውም፣ መሣሪያ አያሻውም፣ ገንዘብም አያሻውም፤ የሚያደርጉት ሚሊዮኖችም የደራሲውን ስም አያውቁም፣ አይጠቅሱትምም።

ከኮድማን በኋላ የመጡትን በአጭሩ እናንሣ። ቻርልስ ኒር በኒው ዮርክ በ1955 ለተሰባበረ የክንድ አጥንት ራስ የሚተካ ብረት ሠርቶ ሪፖርት አቀረበ፤ በ1970 የትከሻን ስብራት ለመመደብ የሚያገለግል ሥርዐት አወጣ፤ በ1972 ደግሞ ከትከሻ ጫፍ አጥንት ጥቂት በመቅረፍ ጅማቱን ከመፈግፈግ ማዳን ይቻላል አለ። ይህ የመጨረሻው ጽሑፍ እጅግ የተጠቀሰ፣ በዓለም ሁሉ እጅግ ብዙ ትከሻ የተቀደደበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከ32 ሆስፒታሎች 313 ሕሙማንን በዕጣ ከፍለው፣ ከፊሎቹን አጥንቱን በመቅረፍ፣ ከፊሎቹን መገጣጠሚያውን በመሣሪያ ከማየት በቀር ምንም ሳይቀርፉ፣ ከፊሎቹንም ያለ ቀዶ ጥገና አስቀምጠው ቢመረምሩ፣ በቀረፉላቸውና ባልቀረፉላቸው መካከል ልዩነት አጡ፤ ሁለቱም ካልተቀደዱት ያላቸው ብልጫ ጥቂት ነበር። ኒርን ለመንቀፍ ይህን አላነሣሁም፤ ታላቅ ሐኪም ነበር፣ በዘመኑ የታየውን ጻፈ። የሚያስደነግጠው ከ1972 እስከ 2018 ያለው ዘመን ርዝመት ነው። ጽሑፉ በዚያ ሁሉ ዓመት ሲጠቀስ ቍጥሩ አደገ፤ ቍጥሩ ማደጉም እውነቱን አላወጣውም። እውነቱን ያወጣው ሕመምተኛውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ መጠየቅ፣ ይኸውም የኮድማን ካርድ ነው።

ፖል ግራሞን ደግሞ በፈረንሳይ በዲዦን ከተማ በ1985 የሰውን ትከሻ ገልብጦ ሠራው፤ ክቡን ክፍል ከጐድጓዳው ስፍራ፣ ጐድጓዳውን ከክንዱ ላይ አድርጎ፣ ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው ክንዱን በትከሻው ጡንቻ ብቻ እንዲያነሣ አደረገ። በ1987 ያሳተመው በፈረንሳይኛ መጽሔት ስለ ሆነ እንግሊዝኛ አንባቢው ዓለም ቶሎ አላነበበውም፤ በአሜሪካም እስከ 2003 ፈቃድ አላገኘም። ዛሬ በትከሻ ቀዶ ጥገና ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ታላቁ ይኸው ነው ብል ብዙዎች የሚስማሙ ይመስለኛል። በአማርኛ የሚጽፍና የሚያስብ ሰው ከዚህ የሚያገኘው መጽናናት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ አዲስ አበባው ልደታ እንምጣ። የልደታ ክፍለ ከተማ ግንቦት 1 ቀን ልደቷ በሚከበርላት በእመቤታችን ስም የተጠራ ከመሆኑም ሌላ፣ ሁለት ታላላቅ መዝገብ ቤቶችን በአንድ ወሰን ይዟል። አንደኛው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ሲሆን ሁለተኛው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በፍርድ ቤቱ አንድ ክስ ሲቀርብ መዝገብ ይከፈታል፣ ቍጥር ይሰጠዋል፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ይጻፍበታል፤ ዳኛው ውሳኔውን ጽፎ «መዝገቡ ተዘግቷል» እስኪል ድረስም ጉዳዩ እንዳለ ይቈያል። ባላገሩ ዓመት ቢመላለስ እንኳ ፍጻሜው ሳይጻፍ አይቀርም። በሆስፒታል ግን ለታካሚው ካርድ ይወጣለታል፣ ኤክስሬይ ይነሣል፣ ይቀደዳል፣ ይሰፋለታል፣ ከዚያም ወደ ወሎ ወይም ወደ ባሌ ይመለሳል፤ ክንዱ ይነሣ ወይም አይነሣ፣ ካርዱ አያውቅም። ፍርድ ሳይሰጥ የተዘጋ መዝገብ ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ የአንድ ሆስፒታል አይደለም፤ ኮድማን ይህንኑ በባለጸጋይቱ ቦስተን አግኝቶት ነበርና።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትም ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። የጥቁር አንበሳ የአጥንት ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት ለአገሪቱ የአጥንት ሐኪሞችን ያፈራ ብቸኛው ስፍራ ነበር፤ እንግዲህ በቅኔ ቤቱ ሚዛን ከመዘንነው ወንበሩ ሙሉ ነው። መኪና የገጨው፣ ከሕንጻ የወደቀው፣ ጥይት የመታው ሰው በየሌሊቱ በሚመጣበት ስፍራ፣ ሐኪሙ ብዕር የሚያነሣበት ሰዓት ከየት ያገኛል? ያወቀው ብዙ ነው፤ የተጻፈለት ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ በውጭ አገር ቍጥር ቆጣሪዎች ዘንድ ድንቍርና ይመስላል፤ እኛ ግን ምን እንደ ሆነ እናውቃለን።

ከዚህ ጋራ ወጌሻውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ነገሩ ግማሽ ይሆናል። ገጠሬው ክንዱ ሲወልቅ ወይም ሲሰበር አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ የከተማ እግር ኳስ ቡድኖች እንኳ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚገባውን ባለሙያ እስከ ዛሬ ወጌሻ ይሉታል። ወጌሻው ከአባቱ የተማረ፣ በሰፈሩ የታመነ፣ ክፍያው ቀላል ነው። ሆኖም የተሰበረን ክንድ በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ባሰረ ጊዜ፣ እብጠቱ ሲጨምር ደም ወደ እጅ መድረሱ ይቆማል፤ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቍራሉ፤ ሕፃኑ በአጥንት ስብራት መጥቶ ያለ እጅ ይመለሳል። ይህን ያዩ የአገራችን ሐኪሞች ብዙዎች ናቸው፤ ማየት ብቻውን ግን ለአንድ ልጅ እንኳ እጁን አልመለሰም።

ዶክተር መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነው። በወጌሻ ማሰሪያ ምክንያት የሚቈረጡትን እጆችና እግሮች በመዝገብ ለይተው ቈጠሩ፤ ወጌሾቹን ራሳቸውን ሰብስበው ማሰሪያው እንዳይጠብቅ፣ የጣቶቹ ቀለምና ሙቀት እንዲታይ፣ አደጋ ሲታይ ማሰሪያው ተፈትቶ ልጁ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ አስተማሩ፤ ከዚያም እንደገና ቈጠሩ። በዚህ ምክንያት የሚቈረጠው ሰው ቍጥር ቀንሶ ተገኘ። ይህን እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር በሚታተመው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ጥገና መጽሔት ላይ አወጡት፤ የጽሑፉም ርዝመት ሁለት ገጽ ነው። ጽሑፉ ስለ ክንድና ስለ እግር እንጂ ስለ ትከሻ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ስለ አንድ የምርምር ሥራ ተጽዕኖ ስጠየቅ ከማስታውሳቸው ሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው ይህን ሁለት ገጽ ነው፤ ሐኪሙ ወጌሻውን ሳይንቅ አስተማረው፣ ወጌሻውም ሐኪሙን ሳይፈራ ሰማው፣ ልጆችም እጃቸው ተረፈላቸው፣ ይህም ሁሉ ተጽፎ ስለ ተገኘ ሌላው አገር ሊከተለው ቻለ።

ታላላቅ የትከሻ ሊቃውንት በመቶ የሚቈጠር ጽሑፍ ያሳትማሉ፤ ድካማቸውን አከብራለሁ፣ ከእነርሱም የምንማረው ገና ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የግራሞን ትከሻ የብዙ ሺህ ዶላር ዕቃ በሆነበት ዓለም፣ ስለ ብረቱ ቅርጽ የሚጻፈው ብዙው ጽሑፍ ለመርካቶው ተሸካሚ ገና አልደረሰም። ለእርሱ የሚደርሰው የወለቀው ትከሻ በዕለቱ ወደ ስፍራው መመለሱ፣ ክንዱ ሳይደርቅ ቶሎ መንቀሳቀሱ፣ ከወራት በኋላም አንድ ሐኪም «ወንድሜ፣ እስቲ አንሣው» ብሎ ማየቱ ነው። ይህም የሚቻል ስለ መሆኑ ማስረጃ አለን። ሉዊስ ዚርክል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1999 ያቋቋመው ሳይን የተባለ ድርጅት፣ ለድኻ አገሮች የአጥንት ማያያዣ ብረት በነጻ ሲሰጥ፣ ሐኪሞቹ የእያንዳንዱን ታካሚ ኤክስሬይና የኋላ ውጤት ወደ አንድ የጋራ መዝገብ እንዲልኩ ይጠይቃል፤ ጥቁር አንበሳም ከተካፋዮቹ አንዱ ነው። ለጭንና ለቅልጥም አጥንት የተቻለው ለትከሻ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገኖች ነው። የመምህራንን ማዕርግ የሚወስኑ የዩኒቨርሲቲ ጉባኤዎች፣ አንድ ሐኪም ያከማቸው የአንድ ዓመት ውጤት መዝገብ፣ መልካሙም ክፉውም ሳይደበቅ የተጻፈበት ከሆነ፣ በውጭ መጽሔት ከታተመ ጽሑፍ እኩል እንዲቈጥሩት እለምናለሁ። አንተም አንባቢ ሆይ፣ አንተ ወይም ዘመድህ ለትከሻ ስብራት ወይም ለውልቃት ከታከማችሁ፣ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ከአንድ ዓመት በኋላ የምትመለሱበትን ቀን በካርዱ ላይ አስጽፉ፤ የድሮውን ኤክስሬይ አትጣሉ፤ ቀኑ ሲደርስም ክንዳችሁ ቢድንም ባይድንም ሄዳችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።